የታችኛው ጎማ

ኮምቦልቻ ጋራዥ ሰፈር ከአፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ። ሹፌር ለሹፌር ይለዋል፤ ሐኪም መድኃኒቱን ላቋረጠ በሽተኛ ይለዋል፤ ልብስ ሰፊዋም «አይ፣ አንገቱን እንዲህ አድርጊልኝ» እያለች ለምታስቸግራት ደንበኛ ትለዋለች። የሚናገረው ሁሉ ከጥንት ከአባቶች የመጣ ይመስለዋል። ኧረ የት አባቱ! የአባባሉ ወላጆች በስም ይታወቃሉ፤ አንድ ነጭ ሚኒባስና አንድ ግትር ሰው ናቸው።

ግትሩ ሰው ጋሽ ይርዳው ይባላል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለጎረቤት የሚደርስ፣ ለተቸገረ የሚያዝን፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ሚኒባሱ ጋ ሲደርስ ብቻ ሌላ ሰው ይሆናል። ለእሱ በዓለም ላይ ያለው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣውና ሌላው ሁሉ። አብሮ የመጣውን «ኦርጅናል» ይለዋል፤ ሲለውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአክብሮት ነው። ኦርጅናል አርጅቶ፣ ጠቁሮ፣ ተጨማዶ እንኳ ከገበያ ከመጣ አዲስ ዕቃ ይበልጣል ባይ ነው። በዚህ ላይ ተጠራጣሪ ነው። ድሮ አንድ ቦታ መኪናውን አስረክቦ ምሳ በልቶ ሲመለስ ደህና ዲናሞውን ፈተው በአሮጌ ተክተው ጠበቁኝ እያለ ያወራል። እውነት ይሁን አይሁን እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ግን መኪናው ጋራዥ በገባ ቁጥር ጀሪካን ገልብጦ እንደ አስታማሚ ራስጌው ይቀመጣል፤ መካኒኩ የነካትን ብሎን ሁሉ በዓይኑ ይከተላል።

ታሪኩ የተፈጸመው ይርዳው የበኩር ልጁን ሙሉሰውን ሊድር ደፋ ቀና በሚልበት ሰሞን ነው። ልጁ ፈረስ ጋማ የሚባለው ዳገት ጫፍ ላይ ባለች መንደር የምታስተምር ዘቢደር የምትባል ልጅ ወድዷል። እሷም ወድዳዋለች። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ደርበው ቃላቸው ቃል የሆነ፣ በቀጠሮ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። ሽማግሌ መጀመሪያ የሄደባቸው ጊዜ እንደ ወጉ «ልምከርበት፣ ተመለሱ» አሉ። ሲሸኙ ግን አንድ ነገር ጨመሩ።

«የፊታችን እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ እጠብቃችኋለሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሌሎች እንግዶች አሉብኝ።»

ሌሎቹ እንግዶች እነማን እንደሆኑ አገር ያውቃል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤትም ለልጁ የሚያስጠይቀው ይቺኑ ዘቢደርን ነው። እንግዲህ ለይርዳው እሁድ በሦስት ሰዓት እዚያ ደጃፍ መገኘት ምራት ማግኘት ነው። መቅረት ደግሞ ከልጁ ጋር በአንድ ገበታ ቀና ብሎ አለመብላት ነው።

በዚህ መሀል ነው ሚኒባሱ ውሃ መጠጣት የጀመረው። ሐሙስ ጠዋት ራዲያተሩን ከፍቶ ቢያይ ጎድሏል፤ ሞላው። ማታ ሲያይ ደግሞ ጎድሏል። መሬቱ ላይ ከሞተሩ ሥር የእጅ መዳፍ የምታክል እርጥበት አገኘ። ዓርብ ማለዳ እየነዳ እንድሪስ ጋራዥ ገባ።

እንድሪስ ዝምተኛ ነው። ድምፁ የሚሰማው ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ቀስ ብሎ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ እጁን አስጠግቶ ሙቀቱን ለካና መልሶ ተወው።

«ምነው? አትጀምርም እንዴ?» አለ ይርዳው ጀሪካኑን እየገለበጠ።

«አሁን እሳት ነው ጋሼ። ይብረድ።»

«እሁድ መንገድ አለብኝ እኮ!»

«እሁድ ገና ነው። የፈላ ውሃ ግን ፊቴ ላይ አሁን ነው የሚመጣው።»

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ይርዳው ሦስቴ ተነሥቶ ሦስቴ ተቀመጠ። ከዚያ እንድሪስ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በባትሪ እያበራ ፈለገና ይርዳውን ጠራው።

«ይቺ ከዘይት ፊልትሮው በላይ ያለችው ክብ ነገር ትታይዎታለች? የሞተር ዘይቱን የምታቀዘቅዘው እሷ ናት። ውሃው በላይኛው የጎማ ቱቦ ይገባባታል፣ በታችኛው ይወጣል። የላይኛው ጎማ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ውሃዎ የሚሄደው በዚያ ነው።»

«ተመስገን! ቀላል ነው በለኛ!»

«ሥራው ቀላል ነው።»

ሳፋ ከሥር አደረገና ውሃውን አፈሰሰ። ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ወጣ። በካቻቢቴ ፋሸታዎቹን፣ ማለት ጎማውን ከብረቱ ጋር አንቀው የሚይዙትን ቀለበቶች አላላ። ጎማው ግን ስንት ዘመን ሙሉ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ኖሯልና አልላቀቅ አለ። እንድሪስ አልጎተተም። ስለት አውጥቶ በርዝመቱ ሰነጠቀው።

ይርዳው ከጀሪካኑ ላይ ዘሎ ተነሣ። «ምን አደረግክ? ለምን ቆረጥከው?»

«ብጎትተው የማቀዝቀዣዋ አንገት ይሰበራል። አንገቷ ስስ ነው። ጎማው እንደሆነ ሞቷል፤ ለሞተ አይታዘንም።»

ይርዳው አጉረመረመና ተቀመጠ። እንድሪስ አንገቷን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ አዲሱን ጎማ ልክ በልክ ቆርጦ አስገባ። አዳዲስ ፋሸታ አድርጎ አጠበቀ። ያማረ ሥራ ነበር፤ ይርዳው ራሱ በልቡ አመነ። ከዚያ እንድሪስ እጁን ወደ ታችኛው ጎማ ሰደደና በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጎማው ተንኮሻኮሸ።

«ሰሙት ጋሼ? ይሄም አብሮ መቀየር አለበት።»

«ያፈሳል?»

«አሁን አያፈስም።»

«ካላፈሰ ምን አድርግ ትለዋለህ?»

«ከላይኛው ጋር እኩል የገባ ነው። ያንኑ ውሃ ጠጥቷል፣ ያንኑ እሳት ተቀብሏል። ውስጡ ደርቋል። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ሊሰነብት ይችላል፤ ዳገት ከያዙ ግን አላምነውም።»

ይርዳው ውስጥ ያ የዲናሞው ነገር ተነሣ። ይሄ ልጅ ለምንድነው ደህና ዕቃ ይውጣ የሚለኝ? ኦርጅናል መሆኑን አይቶ ነው። ነገ ለሌላ ሰው ሊገጥመው ነው። እንዲህ እያሰበ ፊቱ ጠቆረ።

«እጅህን አንሳለት! እሱ ኦርጅናል ነው። ከመኪናው ጋር የመጣ ነው።»

«መምጣቱንማ አብሮ መጥቷል። ችግሩም እሱ ነው።»

«እኔ ስነዳ አንተ ገና ጡት አልጣልክም። የዛሬ ጎማ ዓመት አይሞላውም፤ ይሄ ስንት ክረምት ያሳለፈ ነው!»

እንድሪስ የይርዳውን ዓይን አየ። ምን እንደጠረጠረው ገባው። ከፋው። ከፍቶትም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ጋሼ፣ አሮጌ ጎማ ሰርቄ የምበላ መሰልኩዎት? ቆርጬ እዚሁ እጅዎ ላይ ላስቀምጥልዎት።»

«ከተቆረጠ በኋላ ምን ሊያደርግልኝ?»

«እንግዲያው ምን ላድርግ?»

«የተሰነጠቀውን ቀይርልኝ አልኩህ፣ ቀየርክልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደህናውን ተወው።»

እንድሪስ ውሃውን ሞልቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። ይርዳው እያየኸው አይደል በሚል ዓይን ተመለከተው። እንድሪስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ጋሼ፣ የላይኛው የእኔ ነው። ቢፈስ መጥተው ይውቀሱኝ። የታችኛው የእርስዎ ነው።»

«ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ!» አለ ይርዳው፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ ነድቶ ወጣ።

እሁድ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌዎቹን ጫነ። ሁለት ናቸው። አንዱ ሼህ ሙሄ ናቸው፤ ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አገር ያስታረቁ ሰው ናቸው። ሌላው መሪጌታ ልሳኑ ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ነገር ማለዘብ የሚችሉበት። ወሎ እንዲህ ነው፤ ለሠርግም ለዕርቅም ሼሁና መሪጌታው ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ሙሉሰው እንደ ወጉ ቤት ቀረ። መኪናዋ እስክትሰወር ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

መንገዱ መጀመሪያ ለጥ ያለ ነው። ሚኒባሱ ተንፈላሰሰ። መሪጌታ «ሼህ ሙሄ፣ ልጅቷን ከሰጡን ጉልበትዎ ለጭፈራ ይበቃል?» ሲሉ፣ ሼህ «ለጭፈራው እርስዎ አሉ፤ እኔ አጨበጭባለሁ» ይላሉ። ይርዳው ከመሪው ኋላ ፈገግ አለ። እንድሪስን አስታወሰና «አላምነውም ይለኛል እንዴ!» አለ በልቡ።

ፈረስ ጋማ ተጀመረ። መጀመሪያውን ጠመዝማዛ ወጡ፣ ሁለተኛውን ወጡ። ሦስተኛው ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ ተነሣ። ይርዳው አየው፤ እንዳላየ ሆነ። አራተኛው ላይ ከሥር ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፣ ነጭ እንፋሎት የፊት መስታወቱን ሸፈነው። ዳር ይዞ አቆመ።

«ምንድነው?» አሉ መሪጌታ።

«ምንም አይደለም። ውሃ ነው።»

በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባና አየ። የላይኛው ጎማ ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ የለበትም። የታችኛው ወገቡ ላይ ተከፍቶ የቀረውን ውሃ ይተፋል።

ሼህ ሙሄ ወርደው ሰዓታቸውን አዩ። «ሁለት ሰዓት ተኩል ገና አልሞላም። ከዚህ በእግር ብንነሣ ሦስት ሰዓት ባንደርስ አምስት ሰዓት እንደርሳለን። ሰውዬው ከስድስት በፊት ካየን ቅር አይለውም። መኪናዋን ቆልፋትና እንሂድ።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ይድን ነበር። ይርዳው ግን ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ኦርጅናል እኮ ነው ሼህ! ትንሽ ከታሰረ ይይዛል።»

ከወንበር ሥር የቆየ ከመነዳሪ አወጣ፤ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ነው፣ ሹፌር ሁሉ ለክፉ ቀን የሚይዘው። ሞተሩ እስኪበርድ ተጠበቀ። መሪጌታ ጀሪካን ይዘው ምንጭ ፍለጋ ገደል ወረዱ፤ ነጭ ልብሳቸው ጭቃ ነካው። ይርዳው ላስቲኩን እየሳበ ጠመጠመ፣ በሽቦ አሰረ፣ ውሃ ሞላ። አራት ሰዓት አለፈ። ተነሡ። አንድ ጠመዝማዛ ወጡ። ሁለተኛው ላይ ሽሽሽ አለ።

«ያ ረቢ» አሉ ሼህ ሙሄ።

ይርዳው እንደገና ገብቶ ማሰሪያውን ሲፈታ ጎማው እንደ ደረቅ ቂጣ እጁ ላይ ተፈረፈረ። የሚታሰር ነገር አልቀረም። ጥቁሩን ፍርፋሪ መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። ዓርብ ዕለት እንድሪስ በአውራ ጣቱ ሲጫነው የሰማው መንኮሻኮሽ ይሄ ነበር። አፈረ። ማንም ሳይናገረው ጆሮው ድረስ ቀላ።

ቆልፈው በእግር ተነሡ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። እሁድ ስለሆነ በዚያ መንገድ የሚያልፍ መኪና የለም፤ የገበያው ቀን ቅዳሜ ነው። ሼህ ሙሄ ምርኩዛቸውን እየተከሉ አሥር እርምጃ ይሄዱና ይቆማሉ። ይርዳው ጃንጥላቸውን ያዘላቸው፣ ክንዳቸውን ደገፈ።

ብዙም ሳይሄዱ ከኋላቸው የመኪና ድምፅ መጣ። መቼም መከራ ብቻውን አይመጣም፤ የወፍጮ ቤቱ ሰው ሽማግሌዎች ነበሩ። ጋቢ ለብሰው፣ ተቀባብተው፣ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ሹፌሩ አቆመ። ሰዎቹም ጨዋ ናቸው፤ ከውስጥ «ኧረ በሞታችን፣ ግቡ! ቦታ አለ» አሉ።

ይርዳው ሼህን አየ። መሪጌታም ሼህን አዩ። ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ነው።

«አላህ ይስጥልን» አሉ ሼህ ሙሄ። «እኛ እያዘገምን እንመጣለን።»

መኪናው አልፎ ሲሄድ መሪጌታ በቀስታ «ሼህ፣ እርስዎ እንኳ በገቡ» አሉ።

«በሰው መኪና ገብቼ የዚያኑ ሰው ተፎካካሪ ልሆን? ነውር ነው። ደግሞስ እነሱም ልጅቷን ሊጠይቁ እኛም ልጅቷን ልንጠይቅ፣ አብረን ደጅ ስንወርድ ደርበው ማንን ሊያስቀድም ነው?» አሉና ምርኩዛቸውን ተከሉ።

ይርዳው ያን ጊዜ አለቀሰ። እንባውን እንደ ላብ አድርጎ በእጅጌው ጠረገው። ለአንዲት ስንዝር ጎማ ብሎ የአገር ሽማግሌ ዳገት ላይ ሲያነክስ ማየት እንዲህ ያቃጥላል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የወፍጮ ቤቱ መኪና ጨርሶ ቁልቁል ሲወርድ መንገድ ላይ ተላልፏቸዋል። አቶ ደርበው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ሰላምታ ሰጡ፣ ተቀመጡ አሉ። እንግዶቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ የሼህ ሙሄ እግር ግን መቀመጡን ነበር የሚለምነው።

«ምነው ዘገያችሁ?» አሉ አቶ ደርበው።

መሪጌታ ፈጠን አሉ። «የብረት ነገር ነዋ! መኪና ከሰው አይስማማም። መንገዱም ክፉ ነው፣ ጠመዝማዛውም…»

«መኪናው አይደለም» አለ ይርዳው።

ሁሉም ዞር ብለው አዩት።

«እኔ ነኝ። ዓርብ መካኒኩ ሁለት ጎማ ይቀየር አለኝ። ዳገት ላይ አይችልም አለኝ። እኔ ዕቃዬን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩት፣ አንዱን አስቀየርኩ፣ አንዱን ከለከልኩ። የከለከልኩት ፈነዳ። ሼህ በጠዋት በእግር እንሂድ ቢሉኝ እሱንም አልሰማሁም። መሪጌታ ጥፋቴን ሊሸፍኑልኝ ነው እንጂ ነገሩ ይሄ ነው። በእኔ ጥፋት በልጄ አይፍረዱበት።»

አቶ ደርበው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲህ እኔም እውነቱን ልንገራችሁ» አሉ። «ልጄ ትናንት ማታ ‹እሺ በልልኝ አባዬ› ብላኛለች። ሦስት ሰዓት ላይ ይሄ በር ተከፍቶ ነበር። ‹እሺ› የምትለዋን ቃል አፌ ላይ ይዤ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያ እንግዶቼ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሰማኋቸው፣ ልምከርበት ብዬ ሸኘኋቸው። አሁን ለእናንተ እሺ ብል በእነሱ አሾፍኩ ማለት ነው። ስትመጡ አለቀ፣ አትድከሙ ልላችሁ ነበር። ይሄ ሰው ጥፋቱን በራሱ አፍ ስለተናገረ ግን እሱን አልልም። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሱ።»

ይርዳው ሰዓቱን በልቡ ቆጠረ። እሺታው በሩ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ጠብቆት ኖሯል!

ሲወጡ ዘቢደር ከጓሮ በኩል ውሃ በጆግ ይዛ መጣች። ለሼህ ሰጠች፣ ለመሪጌታ ሰጠች፣ ለይርዳው ስትሰጥ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «አባባ፣ የዚያን ቀን በእግርም ቢሆን በጠዋት ኑ» አለችው። ይርዳው ውሃውን ጠጥቶ ጆጉን መለሰላት።

መንደሩ ጫፍ ላይ ሼህ ሙሄ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከሥራቸው ፈረስ ጋማ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ይወርዳል፤ እታች አንድ ጠመዝማዛ ላይ ነጯ ሚኒባስ ብቻዋን ቆማለች። ይርዳው እግራቸው ሥር በርከክ አለ።

«ሼህ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጉልበትዎን ገደልኩት።»

«አብሽር፣ ጉልበቱ ከአንተ በፊትም ሞቷል» አሉ ሼህ ሙሄ ትከሻውን ይዘው። «መጀመሪያ ሄደህ ያንን ልጅ፣ እንድሪስን ይቅርታ ጠይቅ። ሌባ አድርገኸው ነው የሰነበትከው።»

«እሺ፤ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

መሪጌታ የጨቀየ ልብሳቸውን እያራገፉ «እኛስ?» አሉ። «አገሩ ሁሉ ምን ይዛችሁ መጣችሁ ብሎ ይጠይቀናል። ምን እንበል?»

ሼህ ሙሄ ምርኩዛቸውን ተክለው ተነሡ፤ የወጡትንና ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንደገና የሚወጡትን ዳገት ቁልቁል አዩና «እንዲህ በሏቸው» አሉ፤ «ባለሙያ ጠይቆ በራሱ የሚመራ፣ ሁለቴ ይወጣል አንዱን ተራራ።»